ሰፈፉ ከላይ፣ ወርቁ ከታች፦ «ተንሳፈፈ» ስለሚባለው ቃል

አሶሳ አማርኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የተማሪዎች ድርሰት ላይ ደጋግሜ የምጽፋት አንዲት አስተያየት ነበረችኝ፤ «ሐሳቡ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል» የምትል። በቀይ እስክሪብቶ፣ ከገጹ ግርጌ። ከየት አመጣሃት ብትሉኝ መልሱ ቀላል ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ተጽፋብኛለች። የጻፈብኝ መምህርም ተጽፋበት ይሆናል። እንዲህ ያሉ አስተያየቶች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ማንም ቆም ብሎ ምን ማለት እንደሆኑ አይጠይቅም።

አንድ ቀን «ቤታችን» በሚል ርእስ ድርሰት ጻፉ አልኳቸው። አሰልቺ ርእስ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሰባ ተማሪ ላለበት ክፍል ግን ሁሉም ሊጽፍበት የሚችል ርእስ ከመስጠት የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። ቤተሰቦቿ ከጉባ በኩል፣ ከዓባይ ዳር ተነሥተው ሌላ ቦታ የሰፈሩ አንዲት ልጅ ድርሰቷን እንዲህ ብላ ጀመረች፤ ቤታችን ከውሃው በታች ነው፣ እኛ ግን ተንሳፈፍን። «ተንሳፈፍን» ከምትለው ቃል ስር ቀይ መስመር አሰመርኩና «የቃል አጠቃቀም ስህተት፤ ተፈናቀልን ለማለት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከአሥር ሰባት ሰጠኋት።

ወረቀቱን ስመልስላት አልተከራከረችም። «ቲቸር፣ ተንሳፈፈ ጥሩ ነው መጥፎ?» ብቻ አለችኝ።

«እንደ አገባቡ ነው» አልኳት። አስተማሪ መልስ ሲያጣ የሚላት ነች።

ከዚያ ወዲህ ግን ቃሏ አልለቀቀችኝም። ጋዜጣ ላይ አያታለሁ፣ ዘፈን ውስጥ እሰማታለሁ፣ ልብ ወለድ ሳነብ ብቅ ትላለች። እና አሁን፣ ምንም እንኳ ልጅቷ ይህን ታነባለች ብዬ ባልጠብቅም፣ የዚያን ቀን መመለስ የነበረብኝን ልመልስ።

ከእንግሊዝኛው ልጀምር፤ ምክንያቱም የዛሬው የአማርኛ «ተንሳፈፈ» ግማሽ ሸክሙ ከዚያ የመጣ ነው። እንግሊዞች «ፍሎት» የምትል አጭር ቃል አለቻቸው፤ የማትገባበት ቤት የለም። ጀልባ ፍሎት ያደርጋል። ሐሳብ ስብሰባ ላይ ለሙከራ ጣል ሲደረግ ፍሎት ተደረገ ይባላል። ኩባንያ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥም እንዲሁ። ባለሱቅ ጠዋት መሳቢያው ውስጥ ለመልስ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ፍሎት ነው፤ በበዓል ሰልፍ አበባ ለብሶ የሚያልፈው መኪና ፍሎት ነው፤ ሮቶ ሲሞላ ከፍ ብሎ ውሃውን የሚዘጋው ኳስ ፍሎት ነው፤ ልስን የሚያስተካክሉበት እንጨትም ፍሎት ነው። አማርኛ ይህን ሁሉ ለአንድ ቃል አላሸከመም። የአሶሳ ግንበኛ «ፍራታዞውን አቀብለኝ» ይላል፣ ከጣልያን የቀረ ቃል ነው። ባለሱቁ «ዝርዝር አለህ?» ይላል። ሐሳብ «ይነሣል»፣ አክሲዮን «ለሽያጭ ይቀርባል»። «ተንሳፈፈ»ን ያስቀረንላት ውሃና አየር ብቻ ነበር።

ደግሞ የቃሏን ቤተሰብ እዩ። ተንጠለጠለ፣ ተንሸራተተ፣ ተንገዳገደ፣ ተንከባለለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተንከራተተ። ሁሉም «ተን» ብለው ይጀምራሉ፤ ብዙዎቹ መያዣ ያጣ ነገር የሚያደርገውን ያደርጋሉ። እግር ሲከዳ፣ መሬት ሲያዳልጥ፣ ማረፊያ ሲጠፋ የምንላቸው ናቸው። «ተንሳፈፈ» ከነዚህ እህትማማቾች መሃል ያደገች ቃል ናት። ስለዚህ እንግሊዝኛው ውስጥ ፍሎት ያደረገ ነገር ብዙ ጊዜ ምቾት ላይ ያለ ሲመስል፣ አማርኛው ውስጥ የተንሳፈፈ ነገር ትንሽ ያሳስባል። አልሰመጠም፣ እሺ። ግን የት ሊሄድ ነው?

ይህን ልዩነት ችላ የሚሉ ሁለት ዓይነት ጸሐፊዎች አሉ፤ ሁለቱንም አልወዳቸውም። የመጀመሪያዎቹ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎቻችን ናቸው። ጀግናዋ ደብዳቤ ደርሷት፣ ወይም በዚህ ዘመን መልእክት ስልኳ ላይ ገብቶላት፣ ቀጥሎ ምን ትሆናለች? አየር ላይ ትንሳፈፋለች። ከትርጉም ልብ ወለዶች የገባ አነጋገር ይመስለኛል። እናቶቻችን ደስ ሲላቸው ግን አይንሳፈፉም፤ የሚይዙት የሚጨብጡት ያጣሉ፣ ልባቸው ሊፈነዳ ይደርሳል፣ እግራቸው መሬት አልነካ ይላል። ይህ የመጨረሻው ለመንሳፈፍ ይቀርባል ልትሉ ትችላላችሁ። አይቀርብም። እግሩ መሬት ያልነካ ሰው እየሮጠ ነው፤ የሚንሳፈፍ ሰው ምንም እየሠራ አይደለም።

ሁለተኞቹ እኛ ነን፣ ሐያስያን ተብዬዎች። አንድ መጽሐፍ ካልጣመን «ላይ ላዩን የሚንሳፈፍ» እንላለን፣ ከጣመን «ጥልቅ» እንላለን። ጥልቅ ያልነው ምን እንደሆነ ሳንናገር የምናልፍባት ምቹ መንገድ ነች። አንድ ደራሲ የቡና ወሬን እንደ ቡና ወሬ ቢጽፍ፣ ውሃውን ከላይ ሆኖ በትክክል ቢያሳየን፣ ያ ለምን ነውር እንደሚሆን አልገባኝም። ውሃ ላይ መቆየት እኮ ሥራ ነው። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠሩ ሰዎችን ጠይቁ፤ ደንገል አድርቆ፣ አስሮ፣ ሰውና ጭነት አሸክሞ ላይ ላዩን ማስኬድ ቀላል ጥበብ አይደለም። ታንኳው «ጥልቀት ይጎድለዋል» የሚል ገምጋሚ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መወሰኑን አስታወቀ። መግለጫው የመረጠው «በገበያ የሚወሰን» የሚል ጠንቃቃ ሐረግ ነበር። መገናኛ ብዙኃኑና የማኅበራዊ ሚዲያው ተንታኝ ግን በአንድ ቀን ውስጥ «ብር ተንሳፈፈ» አለ። ከዚያ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እስቲ ዓረፍተ ነገሩን እንደ አማርኛ አድምጡት፤ ብር ተንሳፈፈ፣ ከዚያም ወደቀ። በየትኛው ውሃ ላይ ነው ተንሳፍፎ የሚወደቀው?

የኢኮኖሚክስ ሰዎች ይህ ስንፍና ነው ይሉኛል፤ ቃሉ ዓለም አቀፍ ነው፣ ትልልቆቹ ገንዘቦች በ1973 በፈረንጆች ከቋሚ ምንዛሪ ሲላቀቁ ጀምሮ የተለመደ ነው፣ ትርጉሙ «ውሃው ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል» ነው። ትክክል። እንግሊዝኛው ምስል ያለው ጀልባው ላይ ሳይሆን ውሃው ላይ ነው። ጀልባው ከውሃው ጋር ዝቅ ቢልም ሰመጠ አይባልም። አማርኛ አንባቢ ግን «ተንሳፈፈ» ሲባል ውሃውን አያስብም፤ መያዣውን ያጣውን ዕቃ ያስባል። ስለዚህ አንዱ ቃል ለባለሙያው «ነጻ ሆነ» ሲል፣ ለደሞዝተኛው «የሚይዘው ጠፋ» አለው። በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲሄድ የነበረው ቃል «የብር የመግዛት አቅም ተቀነሰ» ነበር፤ ደረቅ ነው፣ ግን ማን ምን እንዳደረገ ይናገራል። «ተንሳፈፈ» አድራጊ የላትም። ብር በራሱ ጊዜ፣ በሆነ ጠዋት፣ ተነሥቶ የተንሳፈፈ ይመስላል። በነገራችን ላይ ከዚያ በፊትም የባንኩ ሥርዓት በወረቀት ላይ «ቁጥጥር ያለበት ተንሳፋፊ» ተብሎ ይመደብ ነበር፤ ሲንሳፈፍ ያየው ሰው ባይኖርም።

ይህ የአዲስ አበባ ወሬ አሶሳ ሲደርስ ሌላ መልክ ይይዛል። ምክንያቱም አሶሳ ወርቅ አለ። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ባህላዊ ወርቅ አምራቹ ብዙ ነው፤ ባንኩ የሚገዛበት ዋጋ ደግሞ ከዓለም ገበያና ከምንዛሪው ጋር የታሰረ ነው። ዶላሩ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ሰፊ ልዩነት ሲኖረው ወርቁ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ለመሻገር ይፈተናል፤ ልዩነቱ ሲጠብ ወደ ባንክ ይመለሳል። ከ2016ቱ ውሳኔ በኋላ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅ በእጅጉ ጨምሯል። ሻይ ቤት ያገኘሁት አንድ ወርቅ ገዢ ነገሩን ሲያስረዳኝ «ብሩ ተንሳፈፈ፣ ወርቁ ግን አይንሳፈፍም» አለኝና ሳቀ። ቀልዱ የራሱ ነው፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አብሬው አደርኩ።

ወርቅ ሲታጠብ አይታችሁ ካላወቃችሁ እነሆ። ሴቶቹ ወንዝ ዳር ተቀምጠው አፈሩን በገበቴ ያደርጉታል፣ ውሃ ይጨምሩበታል፣ ገበቴውን ያሽከረክሩታል። ሣሩ፣ ሥሩ፣ ቅጠሉ ይንሳፈፍና ይፈስሳል። ከዚያ ቀላሉ አሸዋ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ጥቁር ደለል ይቀራል፣ ከጥቁሩ ስር ደግሞ ዕድል ካለ ቢጫ ነጠብጣብ። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፤ የትም አይሄድም። እዚህ ገበቴ ውስጥ የተንሳፈፈ ሁሉ የሚጣል ነው።

አሁን ከዚያው ክልል ሌላ ዕቃ ልጨምር፤ ማር። ጠጅ ሲጣል ማሩ በውሃ ይበረዛል፣ ጥቂት ቀን ይቀመጣል፣ ሰፈፉ ከላይ ይወጣል፤ ተገፍፎ ነው ጌሾ የሚገባው። «ሰፈፍ» እና «ተንሳፈፈ» ድምፃቸው ዝም ብሎ የተመሳሰለ አይደለም፤ «ሰፈፈ» ማለት ከላይ ሆነ፣ ተንሳፈፈ ማለት ነው። ይህ የተንሳፈፈ ነገር ግን አይጣልም። ይቀለጣል፣ ይጠለላል፣ ሰም ይሆናል፣ ሰሙ ጧፍ ይሆናል፣ ጧፉ ቤተ ክርስቲያን ይበራል።

ሰም ከላይ፣ ወርቅ ከታች። የአማርኛ ቅኔ ትምህርት ሁሉ በነዚህ ሁለት ዕቃዎች ነው የቆመው። አውቃለሁ፣ «ሰምና ወርቅ» የመጣው ከውሃ ሳይሆን ከአንጥረኛ ቤት ነው፤ አንጥረኛው ጌጡን በሰም ይቀርጻል፣ በሸክላ ይሸፍናል፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያስወጣል፣ ባዶው ላይ ወርቅ ያፈስሳል። ግን ልብ በሉ፣ በዚያ ሥራ ውስጥ ቅርጹን የሰጠው ሰሙ ነው። ሰሙ ባይኖር ወርቁ እንክብል ሆኖ ይቀር ነበር። እኛ ሐያስያን ይህን ረስተን ሰሙን እንደ ሽፋን ብቻ፣ ወርቁን እንደ ቁም ነገር ብቻ ቆጠርነው። «ላይ ላዩን ይንሳፈፋል» የሚለው ስድባችን ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሁሉን ድርሰት እንደ ወርቅ አጣቢ እናነባለን፤ የተንሳፈፈውን ደፍተን ታች የቀረውን እንፈልጋለን። እንደ ጠጅ ጣይ የሚያነብ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያነሣው ከላይ ያለውን ነው።

በዚህ ዓይን ነው ወደ ዓባይ ሥነ ጽሑፋችን የተመለስኩት፤ የልጅቷ ቤት ያለውም እዚያ ነውና። ስለ ዓባይ የሚነገረው ታዋቂ አባባል ወንዙን ማደሪያ አጥቶ ግንድ ተሸክሞ የሚዞር መንገደኛ ያደርገዋል። ብዙ ነገር የተጻፈው ከዚህ ምስል ጥላ ስር ነው። የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ዓባይ» አለ፣ የእጅጋየሁ ሽባባው «ዓባይ» አለ፤ ሁለቱም ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፣ ለማኮሰስ አልተነሣሁም። የጂጂን ስሰማ ደግሞ ትውልድ ቀየዋ ቻግኒ መሆኑ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ዛሬ በግልገል በለስ በኩል ወደ ጉባ፣ ወደ ግድቡ፣ የሚወርደው መንገድ በዚያች ከተማ ያልፋልና።

ቅሬታዬ በመላው ወግ ላይ ነው። በዓባይ ዘፈንና ግጥም ውስጥ ወንዙ ሁለት ጫፍ ብቻ ነው ያለው፤ ምንጩ ሰከላ ነው፣ መድረሻው ግብፅ። መሃሉ በረሃ ነው፣ ባዶ ነው፣ ውሃው የሚሄድበት ነው። ጉሙዙ፣ በርታው፣ ሺናሻው ዳሩ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ፣ ሲያርስ፣ ሲሻገር ኖሯል፤ ግጥሙ ግን ከላይ ሆኖ የሚያየው ግንዱን ብቻ ነው። ለነገሩ ግንዱም ቢሆን ከየት እንደተነቀለ የጠየቀለት የለም። ማደሪያ አጣ እየተባለ የሚታዘንለት ወንዙ ነው። ግንዱ ዕቃ ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። ከፍታው 145 ሜትር፣ የመያዝ አቅሙ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ ሐይቁ ሲሞላ ስፋቱ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ስሙም ንጋት። እኔም እንደማንኛችሁም ቦንድ ገዝቻለሁ፣ እንደማንኛችሁም ዕለቱን ቴሌቪዥን ፊት አሳልፌያለሁ፣ ዓይኔም እርጥብ ነበር፤ አልደብቅም። በዚያ ሰሞን የወጡት ግጥሞች ሁሉ አንድ ነገር አሉ፤ ዓባይ ማደሪያ አገኘ። ጥሩ ነው፣ ምስሉ ተዘጋ። ሆኖም አንድም ገጣሚ «ግንዱስ?» ሲል አልሰማሁም። ደን የነበረበት ሸለቆ ውሃ ሲሞላ ውሃው ማደሪያ ያገኛል፤ እንጨቱ ነው የሚንሳፈፈው። የሚዞረው ቀረና የነበረው መዞር ጀመረ።

ይህን ስጽፍ ግድቡን ተቃወምክ የሚለኝ አይጠፋም። አልተቃወምኩም። ከላይ ስላለው ነገር ዝም ብለው ስለ ጥልቀት የሚጽፉ ገጣሚዎችን ነው የምተቸው። ከሸለቆው ሰዎች ተነሥተዋል፤ ሌላ ቦታ ቤት ተሠርቶላቸዋል፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ውሃ። ከወንዝ ዳር ርቆ መኖር ምን እንደሆነ ግን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ገና ከእነሱ አልሰማም።

አሁን እኔ ወደጻፍኩት ማረሚያ ልመለስ፤ «ተፈናቀልን ለማለት ነው»። መፈናቀል ከመፈንቀል ነው፤ ድንጋይ በዘንግ ተፈንቅሎ ከቦታው ሲነሣ። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግድያና ግጭት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ሲወጣ የሬዲዮው ቃል ይህ ነበር፤ ቃሉ ልክ ነበር፤ ፈንቃይ ነበረና። ልጅቷ ግን ይህን ቃል በደንብ ታውቀዋለች፤ ያቺ ከተማ ውስጥ የማያውቀው ሕፃን የለም። ቢያስፈልጋት ትጽፈው ነበር። የእሷ ነገር ሌላ ነው። ማንም በዘንግ አልፈነቀላቸውም። ውሃው መጣ፣ ቤቱ ቀረ፣ እነሱ ከላይ ሆኑ። ሰዎቹ አልሰመጡም፤ የሰመጠው ቤታቸው ነው። ይህን የሚናገር ቃል አማርኛ ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ እሱንም ተጠቅማበታለች።

ዓረፍተ ነገሯ ውስጥ «ግን» የምትል ቃል እንዳለች ያየሁትም ዘግይቼ ነው። ቤታችን ከውሃው በታች ነው፣ እኛ ግን ተንሳፈፍን። «ግን» ባትኖር ኖሮ ሐዘን ብቻ ይሆን ነበር። አለችና ግማሹ ሐዘን ነው፣ ግማሹ ደግሞ ሌላ ነገር፤ ምናልባት ኩራት፣ ምናልባት በሕይወት የመቆየት መገረም። ቃሏ ጥሩ ነው መጥፎ ብላ ስትጠይቀኝ ሁለቱንም አስገብታበት እንደነበር እያወቀች ነው የጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አንዱን መርጬ ቀይ ያሰመርኩት።

ከአሶሳ ከወጣሁ ቆይቷል። የዚያ ሴሚስተር የውጤት መዝገብ ቅጂ እጄ ላይ አለ፤ ከስሟ ፊት ሰባት ይላል። ማስተካከያ የሚደረግበት ጊዜ ካለፈ ዓመታት ሆኖታል፤ የሚያርመው ቢሮም የለም። ሰባቱን በእስክሪብቶ ሰርዤ አጠገቡ አሥር ጽፌያለሁ።